ወንድሜ ከፈረሶቹ ጋር የሚካፈለው ልደት

ታኅሣሥ 23 ነው፤ ጊዮርጊስ። ከዳንግላ ወጥቼ ባንጃ እናትና አባቴ ቤት ሄጃለሁ። እናቴ ቡና እያፈላች፣ አባቴ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሶ ጋቢውን ሳያወልቅ መደብ ላይ ተቀምጦ ሳለ ስልኬ ጮኸ። ታናሽ ወንድሜ ነው፣ ዱባይ ከሚሠራበት የፈረስ ጋጣ።

"እታለም፣ እንኳን አደረሰህ በዪኝ እንጂ!"

"ለጊዮርጊስ?"

"ለልደቴ! ዛሬ እኮ ጃንዋሪ 1 ነው። የእኔም ልደት ነው፣ የፈረሶቹም ልደት ነው። ሁላችንም ዛሬ አንድ ዓመት ጨመርን።"

የእሱን ነገር ላስረዳ። ወንድሜ የተወለደው ነሐሴ ውስጥ ነው። ቀኑን እናቴም አታውቀውም። የምታውቀው ቡሄ እንዳለፈ፣ ወንዙ ሞልቶ አዋላጇ ማዶ እንዳደረች፣ እሷ ስትደርስም ልጁ ተወልዶ እያለቀሰ እንደነበረ ነው። ፓስፖርት ሊያወጣ ሲሄድ ግን ቅጹ ቡሄንም ወንዝንም አይቀበልም፤ ቀን ይፈልጋል። ዓመቱ ተገመተ፤ ወርና ቀኑ ላይ የፈረንጆቹ የመጀመሪያ ወር የመጀመሪያ ቀን ተጻፈለት። በእንዲህ ያለ ወረቀት ከአገር የወጣው እሱ ብቻ አይደለም። ውጭ ያሉ ዘመዶቻችሁን ጠይቁ፣ ጃንዋሪ 1 የተወለደ አበሻ አታጡም።

እኔም ብሆን ከእሱ አልሻልም። አንደኛ ክፍል የመዘገቡን መምህር ልደቱን የማያውቀውን ልጅ ሁሉ መስከረም 1 ብለው ጻፉት። ከእኛ ክፍል ብቻ ብዙዎቻችን በእንቁጣጣሽ የተወለድን ነን። የሚገርመው፣ ስንጠያየቅ ማናችንም አልተከፋንበትም።

የፈረሶቹ ጉዳይ ግን የወረቀት ስንፍና አይደለም፤ ታስቦበት የተሠራ ሕግ ነው። ከምድር ወገብ በስተሰሜን ባሉ የውድድር አገሮች፣ በእንግሊዝ፣ በአየርላንድ፣ በፈረንሳይ፣ በአሜሪካ፣ በጃፓን፣ የተመዘገበ ንጹሕ ዘር የውድድር ፈረስ ሁሉ በየትኛውም ቀን ይወለድ፣ ዕድሜው የሚጨምረው ጃንዋሪ 1 ላይ ነው። የካቲት የተወለደውም ግንቦት የተወለደውም እኩል ይቆጠራሉ። ዲሴምበር 31 ከምሽቱ ላይ የተወለደ ውርንጫ ሲነጋ የአንድ ዓመት ፈረስ ነው፤ እትብቱ ሳይደርቅ።

ይህን ለአባቴ ስተረጉምለት ያስገረመው ሌላ ነገር ሆነ።

"ዛሬ? በጊዮርጊስ?"

"አዎ።"

"እና ፈረንጆቹ ጊዮርጊስን ያውቃሉ ማለት ነው። የፈረስ ጌታው ማን ሆነና!"

ጳጉሜ ስድስት በሆነች ማግስት ባለው ዓመት ቀኑ ወደ ታኅሣሥ 22 እንደሚያፈገፍግ ልነግረው ብዬ ተውኩት። እሱ በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ከሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ጋር የሚሰለፍ ሰው ነው። ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. ሲመሠረት የዓድዋንና የአርበኞቹን ፈረሶች ውለታ ለማሰብ ነው ይላል፤ በዓሉን ከጊዮርጊስ ነጥሎ ማሰብ አይችልም። ይልቅ ደስታውን ልጨምርለት ብዬ የባሰውን ነገርኩት፦ እንግሊዞች እ.ኤ.አ. እስከ 1830ዎቹ ድረስ የፈረሶቻቸውን ዕድሜ የሚቆጥሩት ከሜይ 1 ነበር፣ ይህም በዛሬው አቆጣጠር ሚያዝያ 23 ነው። ታላቁ የጊዮርጊስ በዓል! አባቴ ሲኒውን አስቀምጦ አማተበ። ከዚህ በኋላ ነገሩ በአጋጣሚ የመጣ ነው ብሎ የሚያሳምነው የለም፣ እኔም አልሞከርኩም።

አንድ ቀን መቁረጥ ለምን አስፈለገ? ውድድሮቹ በዕድሜ የተከፈሉ ስለሆኑ ነው። የሁለት ዓመት ፈረሶች ከሁለት ዓመት ጋር፣ የሦስት ዓመቶቹ ከሦስት ዓመት ጋር። ትልልቆቹ ሽልማቶች፣ የእንግሊዙ የኤፕሰም ደርቢም የአሜሪካው የኬንታኪ ደርቢም፣ ለሦስት ዓመት ፈረሶች ብቻ ናቸው፤ አንድ ፈረስ በዕድሜው አንዴ ብቻ ነው የሚሮጣቸው። የእያንዳንዱ ፈረስ እውነተኛ ልደት ይቆጠር ቢባል በየሳምንቱ አንዱ ይገባል፣ አንዱ ይወጣል፤ ዳኛው የልደት መዝገብ ሲያገላብጥ ይውላል።

ጣጣው ያለው ባዝራዪቱ ዘንድ ነው። ባዝራ አሥራ አንድ ወር ታረግዛለች። በተፈጥሮዋ ደግሞ በነዚያ አገሮች ድንጉላ የምትፈልገው ቀኑ ሲረዝም፣ በጸደይና በበጋ ነው። ተፈጥሮን ብንከተል ውርንጫው በሚያዝያና በግንቦት ይወለዳል፤ ሣር ለምለም በሆነበት፣ ብርዱ ባለፈበት። ሕጉ ግን ጃንዋሪ ላይ ስለቆረጠ ግንቦት የተወለደው ጥር ከተወለደው ጋር እኩል "ሁለት ዓመት" ተብሎ ይሮጣል፣ አራት ወር እያነሰው። በዚያ ዕድሜ አራት ወር ብዙ ነው፤ አጥንቱም ጡንቻውም ይለያል። ስለዚህ አርቢዎቹ ባዝራዋን ያታልሏታል። ከዲሴምበር መጀመሪያ አንሥቶ ጋጣዋ ውስጥ መብራት ይበራል፣ ቀንና መብራት ተደምሮ አሥራ ስድስት ሰዓት ብርሃን እንድታይ። ሁለት ወር ገደማ ሲሆናት ሰውነቷ ጸደይ የመጣ ይመስለዋል። አሁን ደግሞ ሌላ ዘዴ አለ፤ ውጭ ሜዳ ላይ እያደረች በአንድ ዓይኗ ላይ ብቻ ሰማያዊ ብርሃን የሚያበራ ጭምብል ያጠልቁላታል። ወንድሜ ፎቶውን ሲልክልኝ መጀመሪያ ዓይኗን የታመመች ነበር የመሰለኝ።

የማጥቂያው ወቅት፣ ማለትም ባዝራና ድንጉላ የሚገናኙበት ጊዜ፣ የሚከፈተው ፌብሯሪ 15 አካባቢ፣ በእኛ የካቲት 8 ገደማ ነው። አስሉት፦ ከዚያ አሥራ አንድ ወር ሲቆጠር ውርንጫው ከጃንዋሪ 1 ትንሽ አልፎ ይወለዳል። ከዚያ ቀድሞ ማጥቃት ቁማር ነው። ባዝራዋ ሁለት ሳምንት ብትቸኩል፣ በዲሴምበር መጨረሻ ብትወልድ፣ ያ ሁሉ ወጪ የወጣበት ውርንጫ በቀናት ዕድሜው ዓመት ሞላው ተብሎ፣ ዕድሜ ልኩን አንድ ዓመት ገደማ ከሚበልጡት ጋር ይሮጣል።

እኛ ዘንድ ይህ ሁሉ የለም። እንጅባራ ላይ በዓመቱ ረጅሙ ቀንና አጭሩ ቀን ልዩነታቸው ከአንድ ሰዓት ብዙም አያልፍም፤ መብራት አብርቶ ማታለል የሚያስፈልጋት ባዝራ የለችም። ደግሞም የኛ ፈረስ ያርሳል፣ ድንች ይጭናል፣ ሙሽራ ያጅባል፣ ለቅሶ ላይ ከነጌጡ ይሰለፋል። ማንም በልደቱ አይጠይቀውም።

ታዲያ ዘግይቶ የተወለደ ሁሉ ይሸነፋል ማለት አይደለም። ኖርዘርን ዳንሰር የሚባል የካናዳ ፈረስ ነበረ፣ እ.ኤ.አ. ሜይ 27 ቀን 1961 የተወለደ፣ ቁመቱ አጭር። ባለቤቱ ገና ሳይሠለጥን በ25 ሺህ ዶላር ሊሸጠው አውጥቶ ገዢ አጣለት። ሜይ 2 ቀን 1964 የኬንታኪ ደርቢን አሸነፈ፣ ርቀቱን በሁለት ደቂቃ ልክ ጨርሶ። ቀኑን ልብ በሉልኝ፦ የሦስት ዓመት ፈረሶችን ውድድር ሲያሸንፍ እውነተኛ ሦስተኛ ዓመቱ ሊሞላ ሃያ አምስት ቀን ይቀረው ነበር። ሰዓቱን ያሻሻለው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ሴክሬታሪያት ነው። እኔ ይህን ፈረስ ከሁሉም እወደዋለሁ። አጭር ስለሆነ ይሁን ወይም ገዢ ስላጣ አላውቅም፤ ብቻ የኛን አገር ፈረስ ይመስለኛል።

ከምድር ወገብ በታች ሲወረድ ደግሞ ልደቱ ይለወጣል። አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ፈረሶቻቸው ዕድሜ የሚጨምሩት ኦገስት 1፣ ማለትም ሐምሌ 25 ነው፤ አርጀንቲና፣ ብራዚልና ቺሊ ደግሞ ጁላይ 1። ጸደያቸው የኛ መስከረም ስለሆነ ነው። ሁለቱ ወገኖች በየአገራቸው ቢቀመጡ ችግር አልነበረም። ግን ፈረስ በአውሮፕላን ይሄዳል፣ ዱባይ ላይም ይገናኛል። እዚያ በመጋቢት የሚሮጥ የሦስት ዓመት ፈረሶች ደርቢ አለ። የሰሜኑም የደቡቡም ፈረስ በየሕጉ "ሦስት ዓመቱ" ነው፤ በእውነት ግን የደቡቡ ግማሽ ዓመት ያህል ይበልጠዋል። መፍትሔው ክብደት ሆነ፤ የደቡቡ ፈረስ ከሰሜኑ የበለጠ ኪሎ ተሸክሞ ይሮጣል። ዕድሜን በኪሎ ማካካስ አሮጌ ዘዴ ነው። ሠንጠረዡን በ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ያስተካከለው ሩስ የተባለ እንግሊዛዊ የባሕር ኃይል አድሚራል ነበር፤ በየወሩ፣ በየርቀቱ ታናሹ ከታላቁ ስንት ኪሎ ይቀነስለት የሚለውን ቆጥሮ አስቀመጠው። ለአባቴ ስነግረው፣ "ትክክል ነው፣ ታላቅ ወንድም ነው የሚሸከመው" አለና ወደ ስልኩ እየተመለከተ ሣቀ። ወንድሜ ታናሽ ሆኖ የቤቱን ወጪ የሚሸከም እሱ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን።

ማጭበርበሩስ አትሉም? እኔ መጠየቄ አይቀርም፣ በየገበያው የፈረስ አፍ ከፍቼ የማድር ሰው ነኝና። እ.ኤ.አ. በ1844 በኤፕሰም ደርቢ ራኒንግ ሬይን የተባለ ፈረስ አንደኛ ወጣ። ሐሜቱ ከውድድሩ በፊትም ነበር፤ ይህ ፈረስ ሦስት ዓመት አይደለም፣ ማካቤየስ የሚባል የአራት ዓመት ፈረስ ነው ስሙን ለውጠው ያመጡት፣ ተባለ። ሁለተኛ የወጣው የኦርላንዶ ባለቤት ኮሎኔል ፒል ሽልማቱ የእኔ ነው አሉ፤ ነገሩ ፍርድ ቤት ገባ። ዳኛው አልደርሰን ብዙ ምስክር ከሰሙ በኋላ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፦ ፈረሱን አምጡልኝ፣ አፉ ይታይ። ፈረሱ ጠፋ። ሊቀርብ አልቻለም፤ ሽልማቱም ለኦርላንዶ ሆነ። በዚያው ውድድር ሊያንደር የተባለ ሌላ ፈረስ እግሩ ተሰብሮ ተገድሎ ነበር፣ እሱም በዕድሜው ይጠረጠር ነበር። ሬሳውን ቆፍረው ሲያወጡት የታችኛው መንጋጋው ተቆርጦ ተወስዷል። ለምን መንጋጋ ብቻ? የፈረስ ልደት ምስክሩ እዚያ ስላለ ነው።

ዛሬ የውድድር ፈረስ ሲመዘገብ የእናትና የአባቱ ዘር በዲኤንኤ ተረጋግጦ፣ አንገቱ ውስጥ ማይክሮቺፕ ገብቶለት ነው፤ መንጋጋ መቁረጥ አያዋጣም። እኛ ገበያ ግን ቺፕም መዝገብም ስለሌለ አሁንም የምናምነው ጥርስን ነው። መሀለኞቹ ሁለት የወተት ጥርሶች በመጀመሪያው ሳምንት ብቅ ይላሉ፤ ቀጣዮቹ በወር፣ በወር ተኩል፤ ዳረኞቹ ከስድስት እስከ ዘጠኝ ወር ባለው ጊዜ። ከዚያ በሁለት ዓመት ተኩል ገደማ መሀለኞቹን ይነቅላል፣ በሦስት ተኩል ቀጣዮቹን፣ በአራት ተኩል ዳረኞቹን። አምስት ዓመት ላይ አፉን ሞላ ይባላል። ከአምስት በኋላ የሚታየው የጥርሱ ገጽ ላይ ያለው ጥቁር ጎድጓዳ ነው፤ ከታችኞቹ በስድስት፣ በሰባት፣ በስምንት ዓመት ከመሀል ወደ ዳር እየተፋቀ ይጠፋል። ከአሥር ዓመት ወዲያ ግምቱ ይላላል፣ ቢሆንም የላይኛው የዳር ጥርስ ላይ ከድዱ ሥር አንድ መስመር ይጀምራል። ዐሥራ አምስት ሲሆን ግማሽ ይደርሳል፣ ሃያ ሲሆን ከላይ እስከ ታች ይዘልቃል።

ይህን መስመር ያነሣሁት በአጎቴ ምክንያት ነው። የዛሬ ሁለት ዓመት አንድ ነጋዴ ዳማ ፈረስ ሸጠለት፣ "ሰባት ዓመቱ ነው፣ ገና ልጅ ነው" ብሎ። አጎቴ ከፍሎ፣ ጎትቶ፣ ቤቱ አስገብቶ ሲያበቃ ነው እኔን የጠራኝ፤ ምርመራ ሳይሆን ምርቃት ፈልጎ። የታችኛውን ከንፈሩን ገለጥ ሳደርግ ጎድጓዳው ጥቁር ነው፣ ያማረ። ከመጠን በላይ ያማረ። ሁሉም ላይ እኩል፣ ክብ፣ በጋለ ብረት ጫፍ የተተኮሰ። የላይኛውን ስገልጥ መስመሩ ግማሽ ደርሷል።

"ምን ታያለሽ?" አለ አጎቴ።

"ጋሼ፣ ይሄ ፈረስ ከበኩር ልጅህ ይበልጣል።"

በኩሩ ያኔ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነበር። አጎቴ ፈረሱን አየው፣ ልጁን አየው፣ ነጋዴውን ረገመ። መመለስ አልቻለም። አሁን ዳማው ልጆቹ ሦስት ሆነው ሲወጡበት እንኳ ጆሮውን አያንቀሳቅስም፤ ጥር 23 ሲደርስ ግን ከበሮ ሰምቶ ይጎለብታል። አጎቴ ሰው ሲጠይቀው እስከ ዛሬ "ሰባት ዓመቱ ነው" ይላል። ዘንድሮም ሰባት፣ አምናም ሰባት።

ወደ ጊዮርጊስ ቀን ልመለስ። ወንድሜ ምስሉን ከፍቶ ነበር የሚያወራን፣ ከጀርባው የእሱ ፈረሶች አንገታቸውን በጋጣ በር አውጥተው። የአባቴ ባዝራ መውለዷን ሰምቷል እንጂ ውርንጫውን አላየውም። ስለዚህ ስልኩን ይዘን ወደ ጓሮ ወጣን።

ባዝራዋ ከመስቀል በኋላ ከጎረቤት ድንጉላ ጋር ተገናኝታ፣ ጳጉሜ 3 በሩፋኤል ዝናብ ውስጥ ወለደች። እናቴ ማኅፀን የሚፈታው ሩፋኤል በራሱ ቀን ነው ያስገላገላት ብላ ውርንጫውን በዝናቡ ውኃ ዳበሰችው። ያን ሰሞን አባቴን ለጨዋታ ያህል ጠይቄው ነበር፦ እኛም እንደ ፈረንጆቹ አንድ ቀን እንቁረጥ፣ መስከረም 1 ይሁን፤ ከነገ ወዲያ የአንድ ዓመት ፈረስ አለህ ማለት ነው። ተቆጣኝ። "ገና እግሩን አላጸናም፣ አንቺ ታስረጂዋለሽ?"

አሁን አራት ወር ሊሞላው ነው፣ ግንባሩ ላይ ቦቃ ያለው፣ ልበ ሙሉ። ወንድሜ እንዳየው በዱባይኛው ሕግ ፈረደለት።

"አባዬ፣ ዛሬ እሱም አንድ ዓመት ሞላው!"

አባቴ መልስ አልሰጠም። ውርንጫውን በጋማው ያዘና የታችኛውን ከንፈሩን በአውራ ጣቱ ገለጠ፤ ስልኩን ቀረብ አድርጌ ያዝኩለት። አራት ጥርስ።

"እየው። ዳረኞቹ የሉም።"

"ሕጉ እኮ ነው አባዬ።"

"አንተስ ስንት ሞላህ?"

"በወረቀቱ ሠላሳ ሁለት።"

እናቴ የቡናውን ረከቦት ትታ ከኋላችን መጥታ ኖሯል። ስልኩን ከእጄ ወሰደችና ፊቷን አስጠግታ፣ "የኔ ልጅ ነሐሴ ላይ ነው የሚሞላው" አለችው። "ቡሄ ሲያልፍ ደውልልኝ፣ ያኔ እንኳን አደረሰህ እልሃለሁ።"